የሐይቅን ተማሪ ቤት በዳይስ ለመጫወት

የሚና ጨዋታ ሕግ የሚጽፉ ሰዎች ትምህርትን በአንድ ቁጥር መገላገል ይቀናቸዋል። በ1977 አሜሪካ ውስጥ የታተመው «ትራቨለር» ለእያንዳንዱ ባለታሪክ ስድስት መለኪያ ይሰጣል፤ ከስድስቱ አንዱ ትምህርት ነው። ሁለት ዳይስ ይወረወራል፣ ድምሩ ይጻፋል፣ በቃ። በ1981 የወጣው «ኮል ኦፍ ክቱሉ» ደግሞ በ7ኛ እትሙ የሁለት ዳይስ ድምር ላይ 6 ይጨምርና በ5 ያባዛዋል፤ የባለታሪኩ ትምህርት ከ40 እስከ 90 ባለው ውስጥ ያርፋል። ሰውየው የት ተማረ? ማን አስተማረው? ሲማር ምን በላ? ወረቀቱ ዝም ነው።

ሐይቅ ላይ ይህ አያስኬድም። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ዱሮ ደሴት የነበረና ዛሬ በየብስ የሚገባበት፣ አባ ኢየሱስ ሞአ በ1248 ገደማ መጥተው ጉባኤ የዘረጉበት ቦታ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩት እዚሁ ነው፤ ከሐይቅ የወጡ ደቀ መዛሙርትም እየሄዱ ሌላ ገዳም አቅንተዋል። እዚያ «የተማረ ሰው» ማለት የእገሌ ተማሪ፣ የእገሌን ቤት ያደረሰ፣ ይህን ያህል ክረምት በቁራሽ የከረመ ማለት ነው። ስለዚህ በሐይቅና በአምባሰል ላይ የተመሠረተ ጨዋታ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ቁጥሩን መጣል አያስፈልገውም፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚናገር ሕግ ግን ያስፈልገዋል። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ለዚያ ነው። (ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ፦ ጠረጴዛ ዙሪያ አራት አምስት ሰው ይቀመጣል። አንዱ አጫዋች ሆኖ ታሪኩን ይመራል፤ የቀሩት አንዳንድ ባለታሪክ ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ፣ እንዲህ እላለሁ» ይላሉ። የሚያጠራጥረውን ዳይስ ይቆርጠዋል። በውጭ አገር ባለ 20 ገጽ ዳይስ የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን ከየሱቁ የሚገኘው የሉዶ ዳይስ ነውና ሕጉ በሁለት ተራ ዳይስ ይጻፍ። ዕድሉን ማስላትም ይቀላል፦ ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወዳደቅ አለው፣ 8 እና ከዚያ በላይ የሚሰጠው 15ቱ ነው።

መጀመሪያ ዘመኑን ይቁረጡ

ብዙ ጀማሪ ይህን ይዘለዋል፤ ከዚያ በኢየሱስ ሞአ ዘመን የሚኖር ተማሪ ምልክት ያለው ድጓ ይዞ፣ በርበሬ ወጥ እየበላ ይገኛል። በርበሬም በቆሎም ከአሜሪካ የመጡ ናቸው፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አልነበሩም። የዜማው ምልክት ደግሞ በትውፊት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559) ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል የሚሰጥ ነው። ከዚያ በፊት ዜማ በጆሮ ብቻ ነው የሚያዘው። ይህ ለሕግ ጸሐፊ ትልቅ ስጦታ ነው፦ ጨዋታው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ከሆነ ዜማ ከመምህር አፍ እንጂ ከመጽሐፍ አይገኝም፤ መምህሩ ከሞተ ያልተቀበሉት ዜማ አብሮት ይቀበራል።

ሁለት ዘመን በተለይ ይመቻል። አንዱ ከ1248 እስከ 1293፣ ኢየሱስ ሞአ እስካረፉበት ድረስ ያለው ነው። የአውሮፓን 13ኛ ክፍለ ዘመን የያዘው «አርስ ማጂካ» የተባለ ጨዋታ በአምስተኛው እትሙ ከ1220 ይጀምራልና፣ የዚያን ሕግ የሚያውቅ ተጫዋች በአንድ ትውልድ ልዩነት ሐይቅ ይደርሳል። ሌላው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ የራስ ሚካኤል ወሎ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አራቱም ቤት (ንባብ፣ ዜማ፣ ቅኔ፣ መጻሕፍት) በሙሉ ሥርዓቱ የቆመበት፣ ደረሳው (የእስልምና ተማሪው) እና የቆሎ ተማሪው በአንድ ገበያ የሚገናኙበት ዘመን በመሆኑ ለጀማሪ ሁለተኛው ይሻላል። የሚከተሉት ሕጎች ለእርሱ የተጻፉ ናቸው።

በወረቀቱ ላይ ቤቶቹን ይጻፉ

«ዕውቀት» የሚል ሳጥን አይሥሩ። በምትኩ አራት መስመር ያስምሩ፦ ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ደረጃ ይኑረው። ደረጃዎቹን መፍጠር አያስፈልግም፣ ተሠርተው የተቀመጡ ናቸው። ለንባብ ቤት ፊደል፣ አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስ፣ ወንጌለ ዮሐንስ፣ ዳዊት። ለዜማ ቤት ምዕራፍ፣ ጾመ ድጓ፣ ድጓ፣ ዝማሬና መዋሥዕት፣ አቋቋም። ለመጻሕፍት ቤት ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት፤ አምስተኛው አራቱንም ጠቅልሎ ወንበር መዘርጋት ነው፣ ባለቤቱም «አራት ዓይና» ይባላል። ቅኔ ቤት በኋላ ለብቻው ይመጣል።

ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ ባዶ ቦታ ይተዉና «ከማን» ብለው ይጻፉበት። ደረጃው 3 ሆኖ መምህሩ ያልተጻፈ ተማሪ በዚህ ጨዋታ ደረጃው ዜሮ ነው። ጨካኝ ሕግ ይመስላል። ነገር ግን በገዳማዊው የትውልድ ሐረግ ተክለ ሃይማኖት ከኢየሱስ ሞአ፣ ኢየሱስ ሞአ ከደብረ ዳሞው አባ ዮሐኒ እየተባለ የሚቆጠረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የትምህርት የምስክር ወረቀት ባልነበረበት ዘመን ምስክሩ ሐረጉ ነው።

ደግሞም ሁሉን በአንድ ቦታ መጨረስ አይቻል። ለድጓ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለቅዳሴ ሰለልኩላ ወይም ደብረ ዓባይ፣ ለቅኔ ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ በየሙያቸው የታወቁ ናቸው። ከንባብ ቤት በቀር በአንድ ቤት ከ3ኛ ደረጃ በላይ መውጣት የሚፈልግ ባለታሪክ ወደ ምስክሩ ቦታ በእግሩ ይሂድ። አጫዋቹ ጀብዱ ፍለጋ ሌላ ሰበብ አያስፈልገውም፤ ከሐይቅ ጋይንት ያለው መንገድ በራሱ በቂ ነው።

አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፦ ሴት ባለታሪክስ? ገዳሙ ሴት አያስገባም፤ ሕጉ ይህን መደበቅ የለበትም። ትምህርቱ ግን ለሴት ዝግ ነበር ማለት ስሕተት ነው። የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይናቸው ሳያይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቅኔ ያስተማሩ ሊቅ ነበሩ። ሴት ተማሪ የምትገባበትን በር ከገዳሙ ውጭ ያድርጉት፦ አባቷ መሪጌታ ይሆናል፣ ወይም ዋድላ ላይ ወንበር የዘረጋ መምህር ይቀበላታል። የጉዞዋ መንገድ ይለያል እንጂ የደረጃው ጣሪያ ያው 5 ነው።

ጊዜን በወቅት ይቁጠሩ

በ2014 የወጣው የ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» መጽሐፍ አዲስ ቋንቋ ለመማር 250 ቀን ከነአንዳንድ ወርቅ ያስከፍላል። «ጉርፕስ» የተባለው ጨዋታ 200 ሰዓት ለአንድ ነጥብ ይላል። ሁለቱም የሒሳብ ሠራተኛ ጠባይ አላቸው። የሚበጀው የ«አርስ ማጂካ» መንገድ ነው፦ ዓመቱ በአራት ወቅት ይከፈላል፣ ባለታሪኩ በየወቅቱ አንድ ዋና ሥራ ይመርጣል። የእኛ አቆጣጠር ይህን አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው፦ መፀው፣ በጋ፣ ጸደይ፣ ክረምት።

በየወቅቱ ተጫዋቹ ከአምስት አንዱን ይምረጥ፦ መማር፣ ታናሽ ማስተማር፣ መጽሐፍ መገልበጥ፣ መጓዝ፣ ወይም የኔታን ማገልገል። የመረጠው መማርን ከሆነ ሁለት ዳይስ ይወርውር፤ የየኔታን ልግስና (ከ0 እስከ 2) ይጨምርበት፤ ሌላ ተጫዋች አብሮ ቀጽሎለት ከሆነ 1 ይጨምር። ግቡ 8 ሲደመር አሁን ያለበት ደረጃ ነው። ፊደል ለመያዝ 8 ይበቃል፣ ከአራተኛ ወደ አምስተኛ ለመውጣት 12 ያስፈልጋል።

ታናሽ የሚያስተምረው ደግሞ ራሱ አይወጣም፣ ነገር ግን ታናናሾቹ ይለምኑለታልና በዚያ ወቅት አይራብም። በአብነት ትምህርት ቤት ትልቁ ትንሹን ማስቀጸሉ የቆየ ሥርዓት ነው፤ ሕጉ ዋጋ ካልሰጠው ግን ተጫዋች ሁሉ ለራሱ ብቻ ሲሮጥ ያድራል።

መጽሐፍ ያለ መምህር ምን ያህል ይረዳ? እዚህ ላይ መጥበቅ ይሻላል። የመጻሕፍት ቤት ትርጓሜ፣ አንድምታው፣ ለብዙ ዘመን በቃል የተላለፈ ነው፤ ብራናውን ብቻ የያዘ ሰው ከ1ኛ ደረጃ አይለፍ። መገልበጥ ግን ሌላ ጥቅም አለው። ሐይቅ ላይ በ1280/81 የተጻፈው የኢየሱስ ሞአ አራቱ ወንጌል በአገራችን ዘመናቸው ተጽፎባቸው ከተገኙት የብራና መጻሕፍት ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ በውስጡም የአባን ሥዕል ይዟል። መጽሐፍ የገለበጠ ባለታሪክ ለገዳም ሰጥቶ በዚያ ቦታ «የሚታወቅ ሰው» ይሁን፤ ከዚያ በኋላ እዚያ ሲመለስ ማደሪያና እህል አያጣም።

ቁራሹን አይርሱ

የዚህ ጨዋታ ልብ እዚህ ነው፣ ብዙ ጸሐፊም የሚያልፈው ይህን ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ፣ በአንድ እጁ ለውሻ ዱላ ይዞ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የተሰጠውን ቁራሽ ይሰበስባል፤ የተረፈውን አድርቆ ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። ጠዋት የተማረው ከሰዓት በሚያገኘው ቁራሽ ላይ የቆመ ነው። ሕጉም እንዲሁ ይሁን፦ ከትምህርቱ ዳይስ በፊት የቁራሽ ዳይስ ይወርወር።

ሁለት ዳይስ፣ ሲደመር የመንደሩ ፍቅር (ከ −2 እስከ +2)። 7 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ ወቅቱ በሰላም አለፈ። ከ4 እስከ 6 ከሆነ ተማሪው ተርቧል፣ በትምህርቱ ዳይስ ላይ 2 ይቀነስበታል። 3 እና ከዚያ በታች ከሆነ ወቅቱን ሙሉ እንጨት ሲለቅምና ለሰው ሲሠራ ያሳልፋል፤ ትምህርት የለም። ረሃቡ ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር ይታያል፦ ፊደል ለመያዝ ከ36 አወዳደቅ 15ቱ ያዋጡ የነበረው፣ ለተራበው 6ቱ ብቻ ይሆናሉ።

በበጋ ጎተራ ሙሉ ነውና 1 ይጨመር፣ በክረምት 1 ይቀነስ። ነገር ግን የወሎ ደጋ በልግ አለው። አጫዋቹ በጸደይ አንድ ዳይስ ለብቻው ይወርውር፤ 4 እና ከዚያ በላይ ከመጣ በልጉ ያዘ ማለት ነው፣ የክረምቱም ቅናሽ ይቅር። ከአምባሰል ደጋ የመጣ ተጫዋች ይህችን ሕግ ሲያይ ፈገግ ይላል።

የመንደሩ ፍቅር ለሁሉም ተጫዋች አንድ ቁጥር መሆን አለበት። አንዱ ተማሪ የሰው ዶሮ ሰርቆ ቢያዝ የሚራቡት ሁሉም ናቸው። አንዱ ደግሞ ለታመመች ባልቴት ውኃ ቢቀዳ፣ ለመንደሩ ሰው ደብዳቤ ቢጽፍ የሚጠግቡትም ሁሉም ናቸው። በሙከራ ጨዋታ ላይ ትልቁን ጭቅጭቅ የምትፈጥረው ይህች አንዲት ቁጥር ስለሆነች አጫዋቹ በጠረጴዛው መካከል ሁሉም በሚያያት ወረቀት ላይ ያስቀምጣት።

ውድቀት ዋጋ ይኑረው

ሐይቅ ከተማሩት ሁሉ ለሕግ ጸሐፊ የሚጠቅመው ታሪክ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ነው። መጽሐፈ ምስጢርን የደረሱ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከነበሩት ሊቃውንት ስማቸው የገነነ ናቸው። ሲተረክ ግን ሐይቅ ሲገቡ ትምህርት አልገባ ብሏቸው ለዓመታት እህል እየፈጩ ለመነኮሳቱ ያገለግሉ ነበር፤ በኋላ በእመቤታችን አማላጅነት በአንድ ጊዜ ምስጢር ተገለጠላቸው ይባላል።

አብዛኛው ጨዋታ ለዚህ ቦታ የለውም። «ኮል ኦፍ ክቱሉ» በከፊል ይነካዋል፦ በጨዋታው መጨረሻ ባለታሪኩ የተጠቀመበትን ሙያ ለማሻሻል ዳይስ ሲወረውር፣ የሚያሸንፈው ካለው ችሎታ በላይ ቁጥር ሲያወጣ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ የሚያውቅ ቶሎ ያድጋል። ደግ ሕግ ነው፣ ግን የጊዮርጊስን ታሪክ አይሠራም። እዚያ ታሪክ ውስጥ ሰውየው አያድግም፣ አያድግም፣ አያድግም፤ ከዚያ ሁሉን ያልፋል።

እንዲህ ይሞከር። የትምህርት ዳይሱ የከሸፈ ተጫዋች በወረቀቱ ጠርዝ አንድ «ቁጭት» ያስምር። በማንኛውም ወቅት አንዱን ቁጭት አጥፍቶ በዳይሱ ላይ 1 መጨመር ይችላል። ይህን ሳያደርግ ሰባት ካጠራቀመና አንድ ሙሉ ወቅት በአገልግሎት፣ በወፍጮ ቤት ካሳለፈ ግን፣ ሰባቱንም ሰርዞ በመረጠው አንድ ቤት ሁለት ደረጃ ያለ ዳይስ ይውጣ። ይህን ታላቅ ዝላይ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ይፍቀዱለት።

ተጫዋቹን የሚፈትነው ምርጫው ነው። ሦስት ቁጭት ይዞ፣ ጓደኞቹ ዳዊት እየደገሙ፣ እርሱ አቡጊዳ ላይ ቆሞ፣ አሁን ይጠቀምበት ወይስ ያጠራቅም? በጠረጴዛው ላይ እንዲህ ያለ ተማሪ ሲኖር ሌሎቹ ሲያሾፉበት ማየት የተለመደ ነው። አጫዋቹ አይከልክል፤ ሲሳለቁበት የነበሩት በኋላ የሚቀበሉት እርሱን ነው።

የቅኔ ምሽት

ቅኔ በዳይስ ብቻ አይጫወትም። ደረጃዎቹን በቤት ብዛት ይጻፉ፦ በ1ኛ ደረጃ ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና፣ በ2ኛ ሦስት ቤት ያለው ዘአምላኪየ፣ በ3ኛ አምስት ቤት ያለው ዋዜማ፣ በ4ኛ ስድስት ቤት ያለው ሥላሴ፣ በ5ኛ ስምንት ቤት ያለው መወድስ። የቅኔ ተማሪ ቀን ሲቆጥር ውሎ ማታ ለየኔታ ይነግራል፣ የኔታም ያርሙታል። በጠረጴዛው ላይም እንዲሁ ይደረግ፣ ግን በአማርኛ፤ ግእዝ የሚዘርፉ አራት ጓደኞች ማግኘት ቀላል አይደለም።

ተጫዋቹ ሰምና ወርቅ ያለው ሁለት ስንኝ ያዘጋጅና ወርቁን በትንሽ ወረቀት ጽፎ ይሸፍን። ከዚያ ለሁሉም ያንብብ። ሌሎቹ የገባቸውን ወርቅ በየወረቀታቸው ይጽፋሉ። ሁሉም ካገኙት ቅኔው ተራ ነው፣ ነጥብ የለውም። ማንም ካላገኘው ድብቅ ነው፣ አሁንም ነጥብ የለውም። አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ካገኙት ባለቅኔው በዚያ ምሽት የቅኔ ዳይሱ ላይ 3 ይጨመርለታል፤ ወርቁን ያገኘም 1። በ2008 የወጣው የፈረንሳዮቹ «ዲክሲት» የሥዕል ጨዋታ የሚሠራው በተመሳሳይ ሒሳብ ነው፤ እዚህ ሥዕሉ በቃል ተተክቷል።

ለማሳያ አንድ ምሽት፦

አጫዋች፦ «መሽቷል። የኔታ ከጎጇቸው ደጅ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ‹ና እስቲ፣ የዛሬውን ንገረኝ› ይሉሃል።»

ተጫዋች፦ «እሺ የኔታ፣ ቢሳሳትም ይማሩኝ።
የግሸኑን ልዑል ጠባቂ ብጠይቅ፣
ተማረ ይለኛል ልጁን ሳይለቅ።»

ሰሙ ልዑሉ ትምህርት ያዘ ነው። ወርቁ ምሕረት አገኘ፣ ግን ከግሸን እሥር አልተፈታም ነው። ከሦስቱ ሰሚዎች አንዱ ብቻ ካገኘው ዳይሱ በ3 ደምቆ ይወረወራል። አጫዋቹ የኔታን ሆኖ ማረም አይርሳ፦ «ሁለተኛው ቤትህ ያነክሳል፣ ነገ አስተካክለህ አምጣ» ቢል ተማሪው ነጥቡን ባያጣም የሚሠራው የቤት ሥራ ያገኛል።

መደጋገሙ እንዳይሰለች በአንድ ጨዋታ ከአንድ የቅኔ ምሽት አይብለጥ።

ግሸን፣ ደረሳው፣ ጉባኤው

ስለ ግሸን ከተነሳ፦ አምባሰል ውስጥ ያለው አምባ ግሸን ከዘውድ ተቀናቃኝነት እንዲርቁ የነገሥታት ወንድ ዘሮች የሚጠበቁበት ተራራ ነበር፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 ከመንገሣቸው በፊት ከነዚያ እሥረኞች አንዱ ነበሩ። የ15ኛውን ክፍለ ዘመን የመረጠ ጠረጴዛ «የግሸን ልዑል» የሚል መነሻ ይስጥ፦ ንባብ ቤት 5፣ መጻሕፍት ቤት 1፣ ቁራሽ የማይጠይቅ፣ ነገር ግን ከጋራው ቁጥር በተለየ የመንደሩ ፍቅር ለእርሱ ሁልጊዜ −2። አገሩን አያውቅም፣ አገሩም አያውቀውም።

በራስ ሚካኤል ወሎ ላይ የሚጫወቱ ከሆነ ግን ደረሳ የሌለበት ጨዋታ ግማሽ ወሎ ነው። በጌታ፣ በዳና፣ በጀማ ንጉሥ የነበሩት የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ከሩቅ አገር ተማሪ ይስቡ ነበር። ደረሳው አንዱን ኪታብ ከአንድ ሸህ ጨርሶ ለሌላው ኪታብ ወደ ሌላ ሸህ ይሄዳል፤ «ከማን» የሚለው ባዶ ቦታ ለእርሱም በትክክል ይሠራል። ቤቶቹን ቁርአን፣ ነህው፣ ፊቅህ፣ ተውሂድ ብለው ይለውጡ፤ የቅኔውን ምሽት በመንዙማ ይተኩ። የቁራሹ ሕግ አይነካ፤ የመንደሩም ፍቅር ለቆሎ ተማሪውና ለደረሳው አንድ ቁጥር ይሁን። ሐይቅ ገበያ ላይ ሁለቱን የሚያበላው አንድ ሕዝብ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ጉባኤ ነው። ለዚህ ከሐይቅ ብዙ የማይርቀው ቦሩ ሜዳ አለ፤ በ1878 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በተዋሕዶዎችና በጸጋዎች መካከል የነበረውን የልደት ክርክር ያስቆረጡት እዚያ ነው። የክርክሩ ሕግ አጭር ይሁን፦ እያንዳንዱ ወገን ሦስት ጊዜ ይናገራል። ተናጋሪው አስቀድሞ ሐረጉን እስከ ሦስት ስም ድረስ ይቆጥራል፤ አንዱ ስም በዳኛው ዘንድ የተከበረ ከሆነ 1 ይጨመርለታል፣ የተጠላ ከሆነ 1 ይቀነስበታል። «አንድም» ብሎ ለአንድ ጥቅስ ሁለተኛ ትርጓሜ ያመጣ ዳይሱን ደግሞ መወርወር ይችላል። አጫዋቹ የክርክሩ ዳኛ ንጉሡን ያድርግ እንጂ ራሱን አያድርግ፤ ንጉሥ ከሃይማኖቱ ሌላ የሚያስበው ብዙ አለው።

ቦሩ ሜዳ ግን ክርክር ብቻ አልነበረም። ከጉባኤው በኋላ የወሎ ሙስሊም በግድ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ታዟል፤ በ1880ዎቹ ሸህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር የመሩት ተቃውሞ የተነሳው ከዚህ ነው፤ እርሳቸው ደግሞ በዐረብ ፊደል የአማርኛ ግጥም የጻፉ ዓሊም ነበሩ። በጠረጴዛው ላይ ደረሳ የያዘ ተጫዋች ካለ ከመጀመሩ በፊት ይጠየቅ፦ ይህን ምዕራፍ መጫወት ይፈልጋል? ካልፈለገ ጉባኤው በሌላ ዓመት በሌላ ጉዳይ ይሁን። ከተስማማ ግን ነገሩ ሳይለሳለስ ይቅረብ።

ለዘመናዊው ጠረጴዛ

አንዳንዱ ተጫዋች ደበሎ አይፈልግም፤ የደሴውን ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤትና የማትሪክን ወሬ ይፈልጋል። ሕጉ ብዙ አይለወጥም፦ ወቅቱ በሴሚስተር፣ ቁራሹ በቤት ኪራይና በምሳ ይተካል። በ2021 የወጣው «ስትሪክስሄቨን» የተባለ የጨዋታ መጽሐፍ ለፈተና ሁለት ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ የጥናት ዳይስ፣ ከዚያ የፈተናው ዳይስ። ያንን መውሰድ ይቻላል። የፈተናውን ክብደት ለመወሰን እውነተኛ ቁጥር አለ፦ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁለት ዳይስ ወርውሮ 12 የማውጣት ዕድል ደግሞ ከ36 አንድ፣ ማለትም 2.8 በመቶ ነው። ስለዚህ ግቡን 12 ብለው ይጻፉና ጥናቱ፣ አስተማሪውና የቤቱ ሁኔታ ምን ያህል እንደሚጨምሩለት ተጫዋቹ ራሱ ይታገል።

የመጀመሪያው ጨዋታ

ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ዓመት፣ ማለትም ስምንት ወቅት ብቻ ይጫወቱ፤ ለአራት ሰው ሦስት ሰዓት አካባቢ ይበቃል። ሁሉም ከንባብ ቤት 1 ይጀምሩ፣ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ መንደር፣ በአንድ የኔታ ሥር። አጫዋቹ ለየኔታ ሦስት ነገር አስቀድሞ ይወስን፦ ልግስናቸው ስንት ነው፣ የሚያስቆጣቸው ምንድን ነው፣ እርሳቸውስ የማን ተማሪ ነበሩ። ሦስተኛውን በምሥጢር ይያዝ፤ ተማሪ ዳዊት ሲደግም ያን ቀን ይነግሩታል።

ሲያልቅ ወረቀቶቹ ተሰብስበው ሁለት ነገር ይታይ። ከአራቱ አንድም የተራበ ከሌለ የመንደሩ ፍቅር ከፍ ብሎ ተጀምሯልና በሚቀጥለው በ1 ይቀነስ። ከአራቱ ሦስቱ ደረጃ ካልወጡ ደግሞ የየኔታ ልግስና ወደ 2 ይደግ፤ ወይም አብሮ የሚቀጽል ጓደኛ የሚሰጠው ጭማሪ ከ1 ወደ 2 ይሁን፤ ሁለተኛው ይመረጣል፣ ተጫዋቾቹን እርስ በርስ ያስተሳስራልና።